ስለ ሸንኮራ አገዳ መጭመቅና ስለ ስኳር አወጣጥ ታሪክ

በከተማ ቤት ቡና ሲቀርብ ስኳር በማንኪያ ጫፍ ተነሥቶ በስኒው ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ከአገዳ ተነሥቶ ነጭ ቅንጣት እስኪሆን ድረስ የሄደበትን መንገድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሥራው በአጭር ቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም አገዳውን መጭመቅ፥ ከጭማቂው ውሃውን ማትነን፥ የቀረውንም ጠጠር ከጥቁሩ ዝቃጭ መለየት ነው። ዳሩ ግን ከሦስቱ መካከለኛው፥ ማለት ጣፋጩን ሳያሳርሩ ውሃውን ብቻ ማስወገድ፥ ከአንድ ሺህ ዓመት የበለጠ ጥበበኞችን ሲያደክም የኖረ ነገር ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ ደሴት ደኑ ተመንጥሮ ለምድጃ ሆነ፤ ከአፍሪቃም በመርከብ እየተጫኑ የተወሰዱ ብዙ ሰዎች በእሳቱ ፊት አለቁ። የእሳቱን እንቆቅልሽ በመጨረሻ የፈታው ደግሞ በእናቱ በኩል ከነዚያው ከአፍሪቃውያን ዘር የሆነ መሐንዲስ ነው፤ እርሱ የሠራው መኪና ግን ባሮቹን ነጻ አላወጣም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሸንኮራ አገዳ በመጀመሪያ የለማው በኒው ጊኒ ደሴት እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያም በባሕር ተሻግሮ ወደ ህንድ አገር ገባ። ታላቁ እስክንድር ወደ ህንድ በዘመተ ጊዜ የመርከቦቹ አለቃ የነበረው ኔአርኮስ በዚያ አገር ያለ ንብ ማር የሚሰጥ ሸንበቆ እንዳለ ተናግሯል። ጭማቂውን አፍልቶ ጠጠር ማድረግን ያወቁት ህንዶች ናቸው። በሳንስክሪት ቋንቋ ሻርካራ ማለት ጠጠር ወይም አሸዋ ማለት ነው፤ ቃሉ በፋርስ አልፎ በዐረብኛ ሱከር ተባለ፥ በአማርኛም ስኳር የሚባለው ከዚሁ ዘር የወጣ ነው። በ647 የቻይና ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ የስኳር አፈላሉን ጥበብ ተምረው እንዲመለሱ ወደ ህንድ ወደ ማጋዳ አገር ሰዎች ልኮ ነበር። ስለ አንድ ጣፋጭ ነገር መንግሥት ከመንግሥት ጋር መላላክ የጀመረው እንግዲህ ገና በዚያ ዘመን ነው።

በብሉይ ኪዳን ከሽቱ ጋር ተቈጥሮ የሚነሣው መልካም ሸንበቆ ይህ ሸንኮራ አገዳ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን መጻሕፍትን የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኛዎቹ እርሱ ለቅብዐትና ለዕጣን የሚሆን መዓዛ ያለው ሌላ ተክል እንደ ነበረ ይናገራሉ። የጥንት ሰዎች ጣፋጭ ማር ነበረ። የተስፋይቱም ምድር የተመሰገነችው በወተትና በማር ነው እንጂ በስኳር አይደለም።

ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዐረቦች በያዙት አገር ሁሉ አገዳውን እየተከሉ፥ መስኖውንም እያበጁ ሄዱ። በግብፅና በሶርያ፥ በቆጵሮስና በሲሲልያ፥ እስከ እስፓኝም ድረስ ተዘረጋ። በ1099 ወደ ኢየሩሳሌም የዘመቱት የመስቀል ጦረኞች በትሪፖሊ አቅራቢያ እህል ባጡ ጊዜ በእርሻ ያገኙትን አገዳ እየመጠጡ ረኃባቸውን አስታግሠዋል። የአውሮፓ ሰው የስኳርን ጣዕም እንዲህ ቀምሶ ከለመደ በኋላ ራሱ ማልማት ፈለገ። ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ዓመት በማዴራ ደሴት፥ ቀጥሎም በአፍሪቃ ዳር በሳኦ ቶሜ ተከሉት፤ በ1493 ኮሎምቦስ በሁለተኛው ጉዞው ወደ ሂስፓኞላ ደሴት ወሰደው፤ ከዚህ በኋላ ብራዚልና የካሪብ ደሴቶች ሁሉ የአገዳ ምድር ሆኑ።

አሁን የአገዳውን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ጤፍና ስንዴ ከታጨዱ በኋላ በክምር ብዙ ሳምንት ይቆያሉ፤ ገበሬውም ጊዜ ባገኘ ቀን ያበራያል። አገዳ ግን እንዲህ አይደለም። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልተጨመቀ ጠጠር የማይሆን ተራ ጣፋጭ ውሃ ይሆናል፥ ይኮመጥጣልም። ጭማቂውም እንደ ወጣ ወዲያው ካልፈላ እንደ ጠጅ ይቦካል። ስለዚህ መጭመቂያው ከእርሻው አጠገብ መቆም አለበት፤ ቆራጩም፥ ጫኙም፥ ጨማቂውም፥ አፍላቂውም እንደ አንድ ሰንሰለት ተያይዘው አንዱ ሌላውን ሳያስጠብቅ ሌሊትና ቀን መሥራት አለባቸው። በአውሮፓ ፋብሪካ የሚባል ነገር ሳይስፋፋ በነዚህ ደሴቶች ሰው በሰዓት እየተከፈለና በተራ እየተፈራረቀ ከመኪና ጋር እኩል መሥራት ለምዶ ነበር። በአገዳው ወራት ይህን ሥራ በወዶ ዘማች ማሠራት አልተቻለም፤ ፈቃዱን የተጠየቀ ሰው አይመጣም ነበርና። በመርከብ መዛግብት ላይ የተመሠረተው የታሪክ ሊቃውንት ግምት እንደሚያስረዳው፥ አትላንቲክን ይሻገሩ ዘንድ ከአፍሪቃ የተጫኑት ሰዎች 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆኑ በሕይወት የደረሱት ወደ 10.7 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከነዚህም የሚበዙት የተሸጡት ስኳር ወደሚሠራበት አገር ነው።

መጭመቂያው በጥንት ጊዜ ዘይት እንደሚጨመቅበት ያለ ትልቅ የድንጋይ ወፍጮ ነበረ፤ አገዳውም አስቀድሞ መቆራረጥ ነበረበት። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን በአሜሪካ ምድር ሦስት ቀጥ ብለው የቆሙ ግንዶች ያሉት መኪና ተስፋፋ። ጥጥ ከፍሬው ሲለይ በድንጋይ ላይ የሚንከባለለውን የብረት መዳመጫ ያየ ሰው ሐሳቡን በቀላል ያገኘዋል። ግንዶቹ በብረት ተለብጠው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ መካከለኛውን በሬ ወይም ፈረስ፥ ወይም ነፋስ፥ ወይም ወራጅ ውሃ ያዞረዋል፤ እርሱም በጥርሶቹ ግራና ቀኙን ይዞ ይዞራል። በአንድ ወገን የቆመች ሴት አገዳውን በመጀመሪያውና በመካከለኛው ግንድ መካከል ታጎርሳለች፤ በወዲያ በኩል ያለችው ተቀብላ በመካከለኛውና በሦስተኛው መካከል ትመልሰዋለች። ጭማቂው ከሥር ባለው ገንዳ ወርዶ በአሸንዳ ወደ ማፍያው ቤት ይሄዳል፤ ምጣጩም በፀሐይ ደርቆ ለማገዶ ይሆናል።

ይህ መኪና ማቆሚያ የለውም ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ያንገላታት ሴት ጣትዋ ከአገዳው ጋር የገባ እንደ ሆነ ክንድዋ፥ ከክንድዋም በኋላ አካላትዋ ይከተላል፤ በሬዎቹ ወይም ውሃው እስኪቆም ድረስ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከመጭመቂያው አጠገብ የተሳለ መጥረቢያ ይሰቀል ነበር፤ ክንዱን ቆርጦ ነፍስን ለማትረፍ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር በ1759 ባሳተመው ካንዲድ በተባለው መጽሐፉ በዚህ ዓይነት እጁን ያጣ አንድ ባሪያ አግብቷል፤ ነገሩ ግን በልብ ወለድ የተፈጠረ አይደለም፥ በደሴቶቹ የነበሩ ሰዎች በጻፉት ይገኛል።

ከነዚህም ጸሐፊዎች አንዱ ዣን ባፕቲስት ላባ የተባለ የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ ነው። በ1694 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሄዶ የማኅበሩን የአገዳ እርሻ ያስተዳድር ነበር። በ1722 በፓሪስ በታተመው መጽሐፉ የወፍጮውን ልክ፥ የምድጃውን አሠራር፥ የአፈላሉን ብልሃት አንድ በአንድ ስለ ጻፈ ከእርሱ በኋላ የመጡት ስኳር ሠሪዎች እንደ መምህር ይቈጥሩት ነበር። የወፍጮውንም አደጋ ገልጾ ጽፏል። እርሱ ራሱ ግን ባሮችን ገዝቶ ያሠራ ነበር፤ የምንኵስና ልብሱም ከዚህ አልከለከለውም። ሰውዬው ጨካኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለመፍረድ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሚያስጨንቀው የተማረ፥ ትጉህና ዓይነ ክፍት ሰው ሆኖ ያየውን ሁሉ በትክክል እየጻፈ በዓይኑ ፊት ያለውን ግፍ ግን እንደ አገር ልማድ ማሳለፉ ነው።

ጭማቂው ወደ ማፍያው ቤት ከገባ በኋላ ሥራው የእሳት ይሆናል። በረጅም የድንጋይ ምድጃ ላይ ለተዝካር ወጥ እንደሚሠራበት ጎላ ያሉ፥ ከዚያም እጅግ የሚበልጡ አምስት የመዳብ ጎላዎች በተርታ ተቀምጠዋል። እሳቱ የሚነደው በአንድ ጫፍ ከትንሹ ጎላ በታች ሲሆን ነበልባሉ ከሌሎቹ ሥር እያለፈ በወዲያኛው ጫፍ በጭስ መውጫው ይወጣል። ፈረንሳዮች ለእያንዳንዱ ስም ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ታላቂቱ፥ ሁለተኛው ንጽሕቲቱ፥ ሦስተኛው ችቦ፥ አራተኛው ሽሮፕ፥ መጨረሻውና ትንሹ ባትሪ ይባል ነበር። ጭማቂው በታላቂቱ ሲገባ ኖራ ይጨመርበታል፤ ኖራውም ቆሻሻውን አረጋግቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፥ ሠራተኞቹም አረፋውን በረጅም ጭልፋ እየገፈፉ ይጥላሉ። እየወፈረ ሲሄድ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በእጅ ይቀዳል። በባትሪው ሲደርስ እንደ ማር ወፍሮ እንደ እሳት ይፋጃል፤ በቆዳ ላይ ያረፈ ጠብታ ከሥጋ ጋር ይጣበቃል እንጂ እንደ ውሃ አይወርድም።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ባትሪው የሚገለበጥበትን ደቂቃ ማወቅ ነበር። ጥቂት ቢቀድሙ ጠጠር አይሆንም፤ ጥቂት ቢዘገዩ ይቃጠላል። መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረ አለቃ አፍላቂው ከጎላው ጥቂት ጠብታ ወስዶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይስበዋል፤ እንደ ክር ተስቦ በሚበጠስበት ርዝመት ይፈርዳል። ይህ አለቃ ብዙ ጊዜ ራሱ ባሪያ ነበረ። የባለጸጋው የዓመት ገቢ በሙሉ በአንድ ባሪያ ሁለት ጣቶች መካከል ይንጠለጠል ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህም እንዲህ ያለ ሰው በገበያ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ይበልጥ ነበር። ዋጋውን ግን የሚቀበለው እርሱ አልነበረም።

የተገለበጠው ሽሮፕ በርዶ ጠጠር ሲጀምር ከሥሩ ቀዳዳ ባለው፥ እንደ ጎጆ ጉልላት በሾለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ተገልብጦ ይሞላል። በብዙ ሳምንት ውስጥ ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር ዝቃጭ በቀዳዳው ይንጠፈጠፋል፤ ከርሱም ሮም የሚባለውን አረቄ ያወጡ ነበር። ስኳሩን ይበልጥ ለማንጣት በላዩ እርጥብ ነጭ ጭቃ ይደመደማል። ይህ ነገር ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ነጭን ነገር በጭቃ ማጥራት ማን ያስባል? ምሥጢሩ ግን ጭቃው ውሃውን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ነው፤ ውሃው በጠጠሩ መካከል እየሰረገ ጥቁሩን አጥቦ ይዞ ይወርዳል፥ ጠጠሩን ግን ብዙ አያሟሟውም። ዕቃው ሲገለበጥ የሚወጣው የስኳር ጉልላት ሰፊው ወገን ነጭ፥ መካከሉ ቡናማ፥ ጫፉ ጥቁር ይሆናል።

ፍጹም ነጭ ማድረግ ግን የአውሮፓ ከተሞች ትርፍ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። መንግሥታቱ ተጣርቶ በሚመጣው ስኳር ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጫኑ ደሴቶቹ ጥሬውን ይልኩ፥ አንትወርፕና አምስተርዳም፥ ለንደንና ሃምቡርግ ያጣሩት ነበር። ጥሬው ስኳር በውሃ ይሟሟል፤ የበሬ ደም ወይም የእንቁላል ነጭ ተጨምሮ ሲፈላ ደሙ እየረጋ ቆሻሻውን ሁሉ ይሰበስባል፥ ከዚያም ተገፎ በሱፍ ጨርቅ ይጠለላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የእንስሳ አጥንት ያለ አየር ተቃጥሎ የሚሆነው ከሰል ቀለምን እንደሚመጥ ታወቀ፤ ደሙም በዚህ ተተካ። በዛሬ ዘመን ከአገዳው እርሻ አጠገብ ነጭ ስኳር የሚያወጡ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ጭማቂውን የሚያጠሩት በኖራና በድኝ ጭስ ስለ ሆነ፥ በዚህ መንገድ ለተሠራው ስኳር ደምም አጥንትም አይገባበትም፤ ስለ ጾም የሚጠይቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1791 የስኳሩ ደም የበሬ ብቻ እንዳልሆነ የሚናገር ነገር ተነሣ። ዊልያም ፎክስ የተባለ ሰው ባሪያ ከሠራው ስኳር መከልከል እንደሚገባ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ፤ የባርነት ተቃዋሚ የነበረው ቶማስ ክላርክሰን በቈጠረው ግምት 300,000 ያህል ሰዎች ከምዕራብ ህንድ ስኳር ተከለከሉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከሁሉ የሚበልጥ ስኳር በሚወጣበት በፈረንሳዮቹ ቅኝ ግዛት በሴን ዶሚንግ ባሮቹ ተነሡ። በደሴቲቱ ወገን የነበሩት ባሮች 500,000 ያህል ነበሩ፤ አስቀድመው እሳት የለቀቁትም በአገዳው እርሻ፥ በወፍጮውና በማፍያው ቤት ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት ጦርነት በኋላ ጥር 1 ቀን 1804 ሃይቲ ተብላ ነጻነትዋን አወጀች። ከዚያ የሸሹ ስኳር ሠሪዎች ጥበባቸውን ይዘው ወደ ኩባና ወደ ሉዊዚያና ገቡ፤ በሉዊዚያና ኤትየን ደ ቦሬ የሚባል ባለ እርሻ በ1795 ስኳር ጠጠር እንዲሆን አድርጎ በማውጣቱ አገሩ ሁሉ ወደ አገዳ ዞረ። አንዱ ምድጃ ሲጠፋ ሌላው ተቀጣጠለ ማለት ነው። አውሮፓም ናፖሊዎን ከእንግሊዝ ጋር በተጣላበት ዘመን ከቀይ ሥር ዓይነት ተክል ስኳር ማውጣት ጀመረ፤ ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

የእሳቱ ነገር መለወጥ የጀመረው በ1813 ነው። ኤድዋርድ ቻርልስ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚ ሊቅ ሽሮፑን በተዘጋ ድስት አድርጎ አየሩን በመምጠጫ እያስወጣ በእንፋሎት ማፍላትን አገኘ። ይህን ለማስረዳት የኢትዮጵያ ደጋ ይበቃል። በባሕር ዳር ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ቀጭን ስለ ሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፥ በተራራ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ባቄላ በደጋ ቶሎ አለመብሰሉ ስለዚህ ነው። ሃዋርድም ድስቱን ከተራራ ሁሉ በላይ ያወጣው ያህል አየሩን አሳጣው፤ ሽሮፑም በትንሽ ሙቀት እየፈላ ሳያርር ውሃውን ሰጠ። ብልሃቱ ግን ለአውሮፓ ማጣሪያ ቤቶች ነበረ፤ እሳትም ገና ብዙ ይፈጅ ነበር።

የቀረውን የፈጸመው ኖርበርት ሪልዩ ነው። በ1806 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንሰንት ሪልዩ ነጭ፥ ባለጸጋና የመኪና ዐዋቂ ነበረ፤ እናቱ ኮንስታንስ ቪቫን ከአፍሪቃ ዘር የሆነች ነጻ ሴት ነበረች። በሕጉ ሁለቱ ሊጋቡ አይችሉም ነበር። ልጁ ግን በአባቱ ወጪ ወደ ፓሪስ ተልኮ ተማረ፤ በ1830 ገና በ24 ዓመቱ በኤኮል ሳንትራል ትምህርት ቤት ስለ እንፋሎት መኪና ያስተምር ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሉዊዚያና ተመለሰ። ከአንዱ ጎላ ወደ ሌላው በጭልፋ የሚቀዱትን ሰዎች፥ ያለ ልክ የሚነደውንም እንጨት ከልጅነቱ ያውቃቸው ነበር።

አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ከማሰሮው የሚወጣውን እንፋሎት በቀርከሃ አሳልፈው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ያስገቡታል። እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ በዙሪያው ያለው ውሃ እየሞቀ ይሄዳል፤ ቶሎ ቶሎም መለወጥ አለበት። ያ የሞቀ ውሃ ሲደፋ ከማገዶው የተገኘው ሙቀት አብሮ ተደፋ ማለት ነው። የሪልዩ ሐሳብ ይህን የሚደፋ ሙቀት እንደገና ማሠራት ነበረ። ከመጀመሪያው የተዘጋ ድስት የሚወጣው እንፋሎት በቧንቧ ሄዶ የሁለተኛው ድስት እሳት ይሆናል፤ ሁለተኛው ያነሰ አየር ስላለበት በዚያ ሙቀት ይፈላል፤ የእርሱም እንፋሎት ከርሱ ያነሰ አየር ያለበትን ሦስተኛውን ያፈላዋል። ቀድሞ አንድ ኪሎ እንፋሎት አንድ ኪሎ ውሃ ብቻ ያተንን የነበረ ሲሆን በሦስቱ ድስቶች ግን ወደ ሦስት ኪሎ ያተንናል። ከሦስት ምድጃ ሁለቱ ጠፉ እንደ ማለት ነው። ሽሮፑም በየድስቱ በቧንቧ ስለሚያልፍ ጭልፋውም፥ በሚፋጀው ጎላ ላይ የሚያጎነብሰው ሰውም አላስፈለገም።

የመጀመሪያ ሙከራው አልተሳካለትም። በ1843 የፈጠራውን መብት ከመንግሥት ተቀበለ፤ በ1845 ቴዎዶር ፓክውድ በተባለ ባለጸጋ እርሻ ላይ መኪናው በሚገባ ሠራ፤ በ1846 ስለ ተሻሻለው ሁለተኛ መብት ተሰጠው። ስኳሩ ከማጣሪያ ቤት ስኳር ጋር የሚወዳደር ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በአገሩ ያሉ ታላላቅ ባለ እርሻዎች መኪናውን ለማስተከል ይፈልጉት ጀመር። ይህ ሰው ቤታቸው ሲገባ ግን እንደ እኩያቸው አይቀበሉትም ነበር። ሕጉ ነጻ ይበለው እንጂ የምርጫ መብት አልሰጠውም። ባሪያ ባልሆነ እጁ የሠራው መኪና ደግሞ የሚያገለግለው ባሪያ ለሚያሠሩ ጌቶች ነበር።

የዚህ መኪና ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ባሮቹን ከእሳቱ አዳናቸው ተብሎ ይደመደማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በማፍያው ቤት ያለው አደጋ በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ምድጃው ቶሎ ሲሠራ ወፍጮው የበለጠ አገዳ ይፈልጋል፤ አገዳውን የሚቆርጥ መኪና ደግሞ አልነበረም፥ ስለዚህ በእርሻው ላይ የሚፈለገው ክንድ በዛ እንጂ አላነሰም። በኩባ ከሁሉ የተሻሉት የእንፋሎት መኪናዎች በተተከሉባቸው በታላላቆቹ እርሻዎች ባሮቹም ከሁሉ የበዙ ነበሩ። እንግሊዝ በ1833 ባወጣችው ሕግ፥ ፈረንሳይ በ1848፥ አሜሪካ በ1865፥ ኩባ በ1886፥ ብራዚል በ1888 ባርነትን የሻሩት በሰባኪዎች ጩኸት፥ በጦርነትና በባሮቹ ራሳቸው መነሣት ነው። የተሻለ ድስት በመገኘቱ ባሪያውን የለቀቀ አገር አልተገኘም።

ሪልዩ ጦርነቱ በተቃረበበት ዘመን፥ በነጻዎቹ ጥቁሮች ላይ ሕጉ እየከበደ ሲሄድ፥ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በዚያም ለብዙ ጊዜ ስኳርን ትቶ የጥንት ግብፃውያንን ሥዕላዊ ፊደል መመርመር ያዘ። የሚነድን እሳት ለማሳነስ የደከመ ሰው በመጨረሻ ዕድሜው በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ዝምተኛ ጽሑፍ መውደዱ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በ75 ዓመቱ ደግሞ ለስኳር ሥር ፋብሪካዎች የሚሆን አዲስ ብልሃት አውጥቷል። በ1894 በፓሪስ ዐርፎ በፔር ላሼዝ መቃብር ተቀበረ። በትውልድ ከተማው የነሐስ መታሰቢያ የተተከለለት ከአርባ ዓመት በኋላ በ1934 ነው፤ ሐሳቡን ያነሡትም የአገሩ ሰዎች ሳይሆኑ የሆላንድ የስኳር ሊቃውንት ነበሩ።

እነዚህ ሆላንዶች በጃቫ ደሴት ሰፊ የአገዳ እርሻ ነበራቸው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ ከነርሱ አንዱ፥ በአጭሩ ኤች ቪ ኤ ተብሎ የሚጠራው የአምስተርዳም ኩባንያ፥ ሌላ አገር ሲፈልግ በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በአዋሽ ዳር ባለው በወንጂ ሜዳ ላይ አገዳ ተከለ። ፋብሪካው በ1954፥ ማለት በ1946 ዓመተ ምሕረት ሥራ ጀመረ፤ በ1962 ደግሞ በአጠገቡ ሸዋ የሚባለው ሁለተኛ ፋብሪካ ተጨመረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ስኳር በኢትዮጵያ በጂቡቲ በኩል የሚገባ የሩቅ አገር ዕቃ ነበረ። በ1975 ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ አሮጌዎቹም ሁለቱ ኋላ ተዘግተው በአዲስ ተተክተዋል።

ዛሬ ወንጂ የሚገባው አገዳ በሚቆራርጥ ስለት ይከተፋል፥ ጭማቂውም ይወጣል፤ ምጣጩ ራሱ በእንፋሎት ማፍያው ሥር ነዶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ጭማቂው በኖራና በድኝ ከተጣራ በኋላ የሪልዩን መንገድ ይከተላል፤ ከአንዱ ድስት እንፋሎት ሌላው እየፈላ ይወፍራል፥ በመጨረሻም የሃዋርድን ድስት በመሰለው ጠጠር ይይዛል። በሸክላ ጉልላት ውስጥ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረውን ማንጠፍጠፍ በፍጥነት የሚሽከረከር ወንፊታም በርሜል በጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል። ከመቶ ኪሎ አገዳ የሚገኘው ስኳር 10 ኪሎ ገደማ ነው።

አቆራረጡ ግን የእጅ ሥራ ሆኖ ኖረ። ቅጠሉ አስቀድሞ በእሳት ይቃጠላል፤ ከከምባታና ከሃዲያ አገር ለወራቱ የሚመጡ ደመወዝተኞች ጥላሸት ለብሰው በገጀራ ከሥሩ ይቆርጡታል፥ ጫፉን ይመለምላሉ፥ በተርታ ያጋድማሉ። የተቆረጠው አገዳ ሳይውል ሳያድር መጭመቂያ መድረስ ስላለበት መኪናዎቹ ሲመላለሱ ያድራሉ፤ ክረምቱ ገብቶ ፋብሪካው ለጥገና እስኪቆም ድረስም የመዳመጫው ድምፅ በሌሊት ከመንደሩ ይሰማል።